ላፕቶፕዎ ዋይፋይ አልይዝ ሲል፦ ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት የሚሠሩት ደረጃ በደረጃ

ላፕቶፕ ከዋይፋይ ጋር አልገናኝ ባለ ቁጥር ብዙ ሰው የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ያስገባል፣ ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል፣ አንድ ሁለት ቅንብር በግምት ይቀይራል፣ በመጨረሻም ኮምፒውተሩን ይዞ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል። እዚያ አዘውትሮ የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይፈልጋል» የሚል ነው። ፎርማት ግን ለዚህ ችግር እምብዛም መፍትሔ አይሆንም። እንዲያውም ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የዋይፋይ ካርዱ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ሳይጫን የሚቀርበት ጊዜ ስላለ፣ ቀድሞ አልፎ አልፎ ይገናኝ የነበረው ላፕቶፕ ጭራሽ የዋይፋይ ምልክት እንኳ የማይታይበት ሆኖ ሊመለስልዎ ይችላል።

አብዛኛው ሙከራ የሚከሽፈው ቅደም ተከተል ስለሌለው ነው። ኢንተርኔት እርስዎ ዘንድ የሚደርሰው ሦስት መገናኛዎችን አልፎ ነው፦ ከአገልግሎት ሰጪው እስከ ራውተሩ፣ ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ የዋይፋይ ካርድ፣ ከካርዱ እስከ ዊንዶውስና እስከ ብራውዘሩ። የተቋረጠው የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ቅንብር መነካካት በአንዱ ብልሽት ላይ ሌላ ይጨምራል። የሚከተሉት ደረጃዎች ዊንዶውስ 10 እና 11 ለተጫኑባቸው ላፕቶፖች የተጻፉ ሲሆኑ፣ ምንም ከማያጠፋው እርምጃ ተነሥተው ብዙ ወደሚያጠፋው ስለሚሄዱ ወደ ኋለኞቹ ዘልለው አይግቡ። የምናሌዎቹን ስም እስክሪኑ ላይ በሚነበቡበት ድምፅ አስቀምጫለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት

1. የሞባይል ዳታ ያለው ስልክና ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው የዩኤስቢ ገመድ ያዘጋጁ። ገመዱ መረጃ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት፤ ርካሽ ከሆኑት ገመዶች አንዳንዶቹ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ሌላ አይሠሩም። ለማረጋገጥ ስልኩን ይሰኩና የስልኩ ፎቶዎች ላፕቶፑ ላይ የሚከፈቱ መሆኑን ይመልከቱ።

2. የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል በወረቀት ላይ ይጻፉ። የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ የማያውቅ ከሆነ ከራውተሩ ሥር ወይም ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል።

3. ማንኛውንም ቅንብር ከመቀየርዎ በፊት የመስኮቱን ፎቶ በስልክዎ ያንሡ። ቅንብሩን ወደነበረበት ለመመለስ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

4. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ከቀየሩ በኋላ ይሞክሩ፤ ካልሠራ ወደነበረበት ይመልሱና ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ማሳሰቢያ፦ ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ከደረጃ 5 በላይ አይሂዱ። እዚያ ያለው ፕሮክሲ (ግንኙነቱን በመካከለኛ አገልጋይ በኩል የሚያሳልፈው ቅንብር) እና የአይፒ አድራሻ (ላፕቶፑ በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበት ቁጥር) ሆን ተብሎ የተሞላ ሊሆን ስለሚችል፣ ቤት ሆነው ሲያጠፉት ቢሮ ሲመለሱ ሥራዎ ይቆማል።

ደረጃ 1፦ ብልሽቱ የማን እንደሆነ መለየት

1. ላፕቶፑን «ሪስታርት» ያድርጉ። «ሸት ዳውን» አድርጎ መልሶ መክፈት ከዚህ ጋር አንድ አይደለም፤ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው አሠራር በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ሲዘጋ የድራይቨሮቹን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲከፈት ከዚያው ስለሚነሣ፣ የተበላሸውም ነገር አብሮ ይነሣል። «ሪስታርት» ግን ሁሉንም ከባዶ ያስጀምራል።

2. ስልክዎን ከዚያው ዋይፋይ ጋር ያገናኙና አንድ ገጽ ለመክፈት ይሞክሩ፤ አስቀድመው ግን የሞባይል ዳታውን ያጥፉ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ዋይፋዩ ባይሠራም ስልኩ በሞባይል ዳታ ገጹን ይከፍትና «ስልኬ ላይ ይሠራል፣ የተበላሸው ላፕቶፑ ነው» ወደሚል ስሕተት ይመራል።

3. አሁን የሞባይል ዳታውን መልሰው ያብሩ፣ የስልኩን ሆትስፖት ይክፈቱና ላፕቶፑን ከሆትስፖቱ ጋር ያገናኙ። ሆትስፖቱ በላፕቶፑ ዝርዝር ውስጥ ካልታየ በስልኩ የሆትስፖት ቅንብር ውስጥ ገብተው ባንዱን (ዋይፋዩ የሚሰራጭበትን የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ከ5 ጊጋኸርትዝ ወደ 2.4 ጊጋኸርትዝ ይቀይሩ፤ በአይፎን ደግሞ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ያብሩ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያል። ስልኩም በዋይፋዩ ኢንተርኔት ካላገኘ ላፕቶፑን ይተዉትና ወደ ደረጃ 2 ይሂዱ። ላፕቶፑ በሆትስፖት ሠርቶ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ እምቢ ካለ ካርዱም ድራይቨሩም ደኅና ስለሆኑ ደረጃ 4፣ 5 እና 6ን ይከተሉ። ላፕቶፑ ምንም ዓይነት ኔትወርክ የማያሳይ ከሆነ ወደ ደረጃ 3፣ ኔትወርኮችን እያሳየ በሆትስፖትም በቤቱ ዋይፋይም የማይሠራ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ወደ ደረጃ 6 ይሂዱ።

ደረጃ 2፦ ራውተሩንና መስመሩን መፈተሽ

1. መብራቶቹን ይመልከቱ። በፋይበር መስመር «ፖን» የተባለው መብራት ሳይቆራረጥ አረንጓዴ ሆኖ መብራት፣ «ሎስ» የተባለው ደግሞ ጠፍቶ መቆየት አለበት። «ሎስ» ቀይ ሆኖ ከበራ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ የብርሃን ምልክቱ ቤትዎ አልደረሰም፤ ገመዱ የታጠፈ ወይም ሶኬቱ የላላ መሆኑን ብቻ አይተው ለአገልግሎት ሰጪዎ ያመልክቱ። በስልክ መስመር ለሚመጣ ኢንተርኔት «ዲኤስኤል» የሚለው መብራት ማብለጭለጩን ካላቆመ መስመሩ አልተያያዘም።

2. ራውተሩን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ፣ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፣ መልሰው ይሰኩና ቢያንስ 3 ደቂቃ ሳይነኩት ይቆዩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ በተለይም እየመጣ እየሄደ ሲያስቸግር፣ ራውተር በከፊል ብቻ ተነሥቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የፋይበሩ ሳጥንና ራውተሩ ለየብቻ ከሆኑ በመጀመሪያ የፋይበሩን ሳጥን ያስነሡ፤ መብራቱ ሲረጋ ራውተሩን ያብሩ።

3. ወርኃዊ ክፍያው ያልተቋረጠ መሆኑን ያረጋግጡ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ በ994 ደውለው የአገልግሎት ቁጥርዎን በመስጠት የመስመሩንም የክፍያውንም ሁኔታ በአንድ ጊዜ መጠየቅ ይችላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በራውተሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ያለውን «ሪሴት» በመርፌ አይጫኑ። ነቅሎ መሰካትና «ሪሴት» ማድረግ የተለያዩ ናቸው። «ሪሴት» አገልግሎት ሰጪው በራውተሩ ውስጥ የሞላውን የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ሊያጠፋው ስለሚችል፣ እነዚያ በእጅዎ ከሌሉ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ቤቱ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ይቀራል።

ደረጃ 3፦ ላፕቶፑ ምንም ኔትወርክ ካላሳየ

1. በእስክሪኑ ታችኛ ቀኝ ጥግ ያለውን የኔትወርክ ምልክት ይጫኑ። «ኤርፕሌን ሞድ» በርቶ ከሆነ ያጥፉት፣ «ዋይፋይ» የሚለው ጠፍቶ ከሆነ ያብሩት።

2. ከኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ ላይ የአንቴና ወይም የአውሮፕላን ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ይፈልጉና «ኤፍኤን» ከሚለው ቁልፍ ጋር አብረው አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ፤ 10 ሰከንድ ጠብቀው ለውጡን ይመልከቱ። በቆዩ የዴል ላቲቲዩድና የሌኖቮ ቲንክፓድ ሞዴሎች ከጎን በኩል ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ አለ፤ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ በራሱ ሊዘጋ ስለሚችል እጅዎን አሳልፈው ይፈልጉት።

3. የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ«ኤክስ» ጋር ይጫኑና «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ይክፈቱ። «ኔትወርክ አዳፕተርስ» የሚለውን ዘርግተው «ዋየርለስ» ወይም «ዋይፋይ» የሚል ቃል ያለበትን መስመር ይፈልጉ። ሥዕሉ ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ካለ ካርዱ ተዘግቷል፤ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ኢኔብል» ይበሉት። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለበት፣ ወይም መስመሩ ጭራሽ ጠፍቶ «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚል ስም ከ«አዘር ዲቫይስስ» ሥር ከተቀመጠ፣ ችግሩ ድራይቨር ነውና ደረጃ 7ን ይመልከቱ።

4. ካርዱ በትክክል ተቀምጦ ዝርዝሩ ግን ባዶ ከሆነ የ«ስታርት»ን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ኮምፒውተር ማኔጅመንት»ን፣ ከዚያም «ሰርቪስስ»ን ይክፈቱ። «ደብሊው ላን አውቶኮንፊግ» የሚለውን ፈልገው ሁለት ጊዜ ይጫኑ፤ «ስታርትአፕ ታይፕ» የሚለው «አውቶማቲክ» መሆኑን አይተው «ስታርት» ይበሉት። ኮምፒውተር «የሚያፈጥኑ» ፕሮግራሞች ይህንን አገልግሎት የማያስፈልግ መስሏቸው ሊዘጉት ይችላሉ።

5. ካርዱ ትናንት ነበረ፣ ዛሬ ግን ከዝርዝሩ ጠፍቶ ከሆነ፣ ውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ። ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ያውጡት፣ የማብሪያ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ ከዚያ መልሰው ይክፈቱት። ቀላል ቢመስልም ከእንቅልፍ ሁኔታ ተነሥቶ የደነዘዘን ካርድ ብዙ ጊዜ ያነቃዋል።

ደረጃ 4፦ የጎረቤት ዋይፋይ እየታየ የእርስዎ ካልታየ

ይህ ሲያጋጥም ሰው ሁሉ ራውተሩን ይጠረጥራል፤ ስልኩ ደግሞ ያለ ችግር ይገናኛል። ምክንያቱ በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ባንድ ነው። ራውተሩ በ5 ጊጋኸርትዝ ብቻ እያሰራጨ የላፕቶፑ ካርድ 2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ሁለቱ አይተያዩም። በ«ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ የካርዱ ስም «ዱዋል ባንድ»፣ «ኤሲ» ወይም «ኤኤክስ» የሚል ቃል ካለው ሁለቱንም ይሰማል፤ «ኤን» ብቻ የሚል ከሆነ 2.4ን ብቻ የሚሰማ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ቻናል፣ ማለትም በባንዱ ውስጥ ያለው ቁጥር የተሰጠው የስርጭት መስመር ነው፤ ይህን ጠጋኞችም እምብዛም አያዩትም። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ውስጥ አሜሪካ ውስጥ በተለምዶ የሚሠራባቸው ከ1 እስከ 11 ያሉት ቻናሎች ሲሆኑ፣ በሌሎች ብዙ አገሮች 12 እና 13ም ይሠራሉ። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ወይም ከዚያ የገባ ያገለገለ ላፕቶፕ ካርዱ ለአሜሪካ ገበያ የተስተካከለ ሊሆን ስለሚችል፣ ራውተሩ ቻናሉን በራሱ መርጦ 12 ወይም 13 ላይ በተቀመጠ ቀን ኔትወርኩ ከዝርዝሩ ይጠፋል፤ ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሣና ሌላ ቻናል ሲመርጥ ደግሞ ተመልሶ ይታያል። «አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም» የሚባለው እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ቦታ ነው፦

1. ስልክዎ ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኘ ብራውዘር ይክፈቱና የራውተሩን አድራሻ ያስገቡ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ በራውተሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀትም ይገኛል።

2. በወረቀቱ ላይ ባለው የአስተዳዳሪ ስምና የይለፍ ቃል ይግቡና የዋይፋይ ቅንብሩን ይፈልጉ።

3. የ2.4 ጊጋኸርትዝ ስርጭት መብራቱን ያረጋግጡ፤ ቻናሉን ከ«አውቶ» ወደ 1፣ 6 ወይም 11 ይቀይሩና ያስቀምጡ። ሌላ ምንም አይንኩ።

ደረጃ 5፦ ኔትወርኩ እየታየ አልቀበልም ካለ

1. የኪቦርዱን ቋንቋ ይመልከቱ። አማርኛ መጻፊያ በተጫነባቸው ላፕቶፖች ላይ ይህ ከሁሉ በላይ ሰው ያሞኛል፦ የይለፍ ቃሉ ሲጻፍ በነጥብ ስለሚሸፈን ፊደሉ ግዕዝ ሆኖ እየገባ እንደሆነ አይታይም። የዊንዶውስን ቁልፍ ከረጅሙ የክፍተት ቁልፍ ጋር ተጭነው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ፤ ከዚያ በሳጥኑ ቀኝ ጫፍ ያለችውን የዓይን ምልክት ተጭነው የጻፉትን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያሉ፤ ዜሮና «ኦ»፣ አንድና ትንሹ «ኤል» ከተለጠፈው ወረቀት ላይ ሲነበቡ በቀላሉ ይምታታሉ።

2. የድሮውን ትውስታ ይሰርዙ። «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ዋይፋይ»፣ «ማኔጅ ኖውን ኔትወርክስ» ብለው ይግቡና በቤትዎ ዋይፋይ ስም ፊት «ፎርጌት» ይበሉ። የራውተሩ የይለፍ ቃል ወይም የጥበቃ ዓይነት ተቀይሮ ስሙ ግን እንዳለ ሲቆይ፣ ዊንዶውስ የድሮውን መረጃ ይዞ እየሄደ አዲሱን እንኳ ሳይጠይቅዎ «ካንት ኮኔክት» ይልዎታል።

3. የጥበቃውን ዓይነት ይፈትሹ። አዲስ ራውተር ከተተከለ ወዲህ ቆየት ያለው ላፕቶፕ ብቻ እምቢ ካለ፣ ራውተሩ «ደብሊውፒኤ 3»ን ብቻ እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። በራውተሩ ገጽ ገብተው ሁለቱንም በሚቀበለው «ደብሊውፒኤ 2 እና 3» ድብልቅ ላይ ያድርጉት። ድብልቁ ከሌለ «ደብሊውፒኤ 2» ከ«ኤኢኤስ» ጋር ይበቃል። ነገሩ እንዲቀል ብለው ጥበቃውን በሙሉ አያጥፉት፤ ጎረቤት ሁሉ በእርስዎ ክፍያ ይጠቀማል፣ የሚልኩትም ነገር ያለ ሽፋን ይሄዳል።

4. ራውተሩ ዘንድ የተገደበ ነገር መኖሩን ይመልከቱ። አንዳንድ ራውተሮች በአንድ ጊዜ የሚቀበሉት የመሣሪያ ብዛት የተወሰነ ነው፤ ሁለት ስልኮችን ከዋይፋዩ አስወጥተው ይሞክሩ። ራውተሩ በመሣሪያ መለያ አድራሻ ለይቶ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ በላፕቶፑ የዋይፋይ ቅንብር ውስጥ «ራንደም ሃርድዌር አድሬስስ» የሚለውን ያጥፉ፤ እርሱ ሲበራ ላፕቶፑ ከእውነተኛው የተለየ መለያ ይዞ ስለሚቀርብ ራውተሩ እንግዳ አድርጎ ይመልሰዋል።

ደረጃ 6፦ ተገናኝቷል ይላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም

ከሁሉ ረጅሙ ደረጃ ይህ ነው፤ ምክንያቶቹ ብዙ ናቸውና በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. ቀኑንና ዓመቱን ይመልከቱ። ባትሪው አልቆ ሰዓቱ ወደ ኋላ የተመለሰበትን ላፕቶፕ ሲያስተካክሉ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞሉ ሰዎች አሉ። በግድግዳው ካሌንደር 2018 ሲሆን ላፕቶፑም ላይ 2018 ብለው ይሞላሉ፤ ለዊንዶውስ ግን ይህ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት ማለት ነው። ድረ ገጾች የሚያሳዩት የደኅንነት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን ስላለው ብራውዘሩ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ወይም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ገጾቹን አይከፍትም፤ ዋይፋዩ ግን በሙሉ ሲግናል እንደተያያዘ ይታያል። ወደ «ሴቲንግስ»፣ «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ»፣ «ዴት ኤንድ ታይም» ይግቡና በመጀመሪያ ቀኑን በእጅዎ በአውሮፓ አቆጣጠር ያስተካክሉ፤ «ታይም ዞን» በሚለው ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉ «ናይሮቢ» የሚለውን፣ ማለትም 3 ሰዓት የሚቀድመውን ይምረጡ፤ አዲስ አበባ ለብቻዋ ስላልተጻፈች አይፈልጓት። ከዚያ በኋላ «ሴት ታይም አውቶማቲካሊ»ን ያብሩ። ላፕቶፑ በተዘጋ ቁጥር ቀኑ የሚመለስ ከሆነ በብዙ ሞዴሎች ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አልቃለች፤ ትቀየር።

2. ቪፒኤን (ግንኙነትዎን በሌላ ቦታ ባለ አገልጋይ በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ካለዎት ያቋርጡት፤ ማቋረጥ ብቻውን ካልበቃ ፕሮግራሙን ያራግፉትና ሪስታርት ያድርጉ። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያዎች ተገድበው በነበረበት ጊዜ ብዙ ሰው ያገኘውን ነጻ ቪፒኤን ሁሉ ጭኖ ነበር፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ የራሳቸው አገልጋይ ሲጠፋ ሌላውን ግንኙነት ሁሉ የሚዘጋ መቆለፊያ አላቸው። የማይጠቀሙባቸውን በሙሉ ያስወግዱ።

3. ፕሮክሲውን ይፈትሹ። «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ፕሮክሲ» ውስጥ «ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር» የሚለው በርቶ ከሆነና እርስዎ ያላበሩት ከሆነ ያጥፉት። ቫይረስም ቪፒኤንም ሊያበራው ይችላል። ካጠፉት በኋላ በራሱ ተመልሶ የሚበራ ከሆነ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ሙሉ ፍተሻ ያድርጉ።

4. የአይፒ አድራሻውን ያንብቡ። በዋይፋይ ቅንብር ውስጥ የተገናኙበትን ኔትወርክ «ፕሮፐርቲስ» ይክፈቱና «አይፒቪ 4 አድሬስ» የሚለውን ይፈልጉ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ላፕቶፑ ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ አላገኘም፤ ለራሱ የሰጠውን ይዞ ቁጭ ብሏል። «አይፒ አሳይንመንት» የሚለው «ማንዋል» ሆኖ ከሆነ ፎቶ አንሥተው «አውቶማቲክ» ያድርጉት። ቀድሞም «አውቶማቲክ» ከነበረ ኔትወርኩን «ፎርጌት» ያድርጉ፣ ራውተሩን ነቅለው ይሰኩ፣ እንደገና ይገናኙ።

5. አድራሻው ደኅና ከሆነ፣ ለምሳሌ በ192.168 የሚጀምር ከሆነ፣ በብራውዘሩ የአድራሻ መስመር ላይ 1.1.1.1 ብለው ይጻፉ። በቁጥር ገጽ ተከፍቶ በስም የማይከፈት ከሆነ ኢንተርኔቱ እየደረሰ ነው፤ የጎደለው ስሞችን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ ነው። «ኮንትሮል ፓነል»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር»፣ «ቼንጅ አዳፕተር ሴቲንግስ» ብለው ይግቡ፤ «ዋይፋይ» የሚለውን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4» የሚለውን ሁለት ጊዜ ይጫኑ። የላይኛውን ክፍል ሳይነኩ በታችኛው ክፍል 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ብለው ይሙሉና ያስቀምጡ።

6. በሆቴል፣ በካፌ ወይም በኤርፖርት ከሆኑ የመግቢያው ገጽ ሳይወጣ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቪፒኤኑን ያጥፉ፣ በእጅ የሞሉትን ዲኤንኤስ ወደ «አውቶማቲክ» ይመልሱ፣ ከዋይፋዩ ወጥተው እንደገና ይግቡ።

ደረጃ 7፦ ድራይቨሩን ማስተካከል

በመጀመሪያ የሚቀለውን ይሞክሩ። ችግሩ የጀመረው ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ ከሆነ በ«ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ የዋይፋይ ካርዱን «ፕሮፐርቲስ» ከፍተው «ድራይቨር» በሚለው ገጽ ላይ «ሮል ባክ ድራይቨር» ይበሉ። ላፕቶፑ ለትንሽ ጊዜ ሲተው ዋይፋዩ የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ በዚያው መስኮት «ፓወር ማኔጅመንት» ገጽ ካለ፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሡ።

ድራይቨሩ ከሌለ ወይም ከተበላሸ አዲስ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ያለ ዋይፋይ እንዴት ይወርዳል የሚለው ደግሞ ሁሉንም የሚያቆመው ጥያቄ ነው።

1. የአንድሮይድ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመዱ ይሰኩና በስልኩ የሆትስፖት ቅንብር ውስጥ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን ያብሩ። ላፕቶፑ ስልኩን እንደ ገመድ ኢንተርኔት ይቆጥረዋል፤ የዋይፋይ ድራይቨርም አይጠይቅም።

2. ወዲያውኑ «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ኢተርኔት» ውስጥ ገብተው «ሚተርድ ኮኔክሽን»ን ያብሩ። ይህን ካላደረጉ ዊንዶውስ የተጠራቀመውን አፕዴት ሁሉ መሳብ ይጀምርና ድራይቨሩ ሳይወርድ የስልክዎ ፓኬጅ ያልቃል።

3. የላፕቶፑን ሞዴል ከሥሩ ከተለጠፈው ወረቀት ያንብቡና ከአምራቹ፣ ማለትም ከኤችፒ፣ ከዴል፣ ከሌኖቮ ወይም ከሌላው የራሱ ድረ ገጽ ላይ የዋይፋይ ድራይቨሩን ያውርዱ።

4. ሞዴሉ ጠፍቶ ከሆነ ወይም ከአንድ በላይ ድራይቨር ከቀረበልዎ የካርዱን አምራች ይለዩ። በ«ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን «ፕሮፐርቲስ»፣ «ዲቴይልስ»፣ «ሃርድዌር አይዲስ» ብለው ሲከፍቱ «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ አራት ምልክቶች ያገኛሉ። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 168ሲ ኳልኮም አቴሮስ፣ 14ሲ3 ሚዲያቴክ ነው።

5. ከጫኑት በኋላ «ሪስታርት» ያድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እናድስ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አይጫኑ፤ የማይገጥም ድራይቨርም ማስታወቂያም ይዘው ሊገቡ ይችላሉ። እንዲሁም «አንኢንስቶል ዲቫይስ» ሲሉ ድራይቨሩንም አብሮ ይሰረዝ ብሎ የሚጠይቀውን ሳጥን፣ አዲሱ ድራይቨር በእጅዎ ሳይኖር ምልክት አያድርጉበት። ሳጥኑን ባዶ ትተው ካርዱን ካስወገዱና ሪስታርት ካደረጉ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል።

ደረጃ 8፦ ኔትወርክ ሪሴት

ይህ ካለፉት ሁሉ በኋላ የሚሞከር ነው። የተቀመጡትን የዋይፋይ የይለፍ ቃሎች ሁሉ ያጠፋል፤ ቪፒኤን ካለዎት እንደገና መጫን ወይም ማስተካከል ሊኖርብዎ ይችላል። በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ሪሴት»፤ በዊንዶውስ 10 ደግሞ «ስታተስ» በሚለው ገጽ ግርጌ ያገኙታል። «ሪሴት ናው» ካሉ በኋላ ላፕቶፑ በራሱ ስለሚዘጋ የተከፈተ ጽሑፍዎን አስቀድመው ያስቀምጡ። ሲነሣ ኔትወርኩን መርጠው የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ ያስገቡ።

ደረጃ 9፦ ካርዱ ራሱ ከተበላሸ

ላፕቶፑ ዋይፋዩን የሚያየው ራውተሩ አጠገብ ሲሆን ብቻ ከሆነ፣ በተለይም በቅርቡ ተከፍቶ ከተጸዳ ወይም እስክሪኑ ከተቀየረ፣ ካርዱ ላይ ከሚሰኩት ሁለት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ሳይሰኩ ቀርተው ሊሆን ይችላል። ወደከፈተው ሰው ይመልሱና «የዋይፋይ አንቴናው መሰካቱን እይልኝ» ይበሉት፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ደረጃ 7ን ጨርሰው ቢጫው ምልክት አሁንም «ኮድ 10» እያለ ካልለቀቀ፣ ወይም ካርዱ ከዝርዝሩ ጠፍቶ በደረጃ 3 የተገለጸው ኤሌክትሪክ ማስወጣት ካልመለሰው፣ ካርዱ ሞቷል ብሎ መውሰድ ይቻላል። የውስጡን ካርድ ማስቀየር ይቻላል፤ ሆኖም አንዳንድ የቆዩ የሌኖቮና የኤችፒ ሞዴሎች አምራቹ ያልፈቀደውን ካርድ ሲያገኙ አልነሣም ስለሚሉ፣ ካርዱ በእርስዎ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ሲሠራ ሳያዩ አይክፈሉ። ብዙውን ጊዜ የሚሻለው በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ መግዛት ነው። ሲገዙ ሁለቱንም ባንድ፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርትዝ፣ የሚቀበለውን ይምረጡ፤ ድራይቨሩ በሲዲ ብቻ የሚመጣውን ይተዉት፣ የዛሬ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ሲዲ ማስገቢያ የላቸውምና። ከሰኩት በኋላ የሞተው ካርድ ከአዲሱ ጋር እንዳይጋጭ በ«ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ አሮጌውን «ዲሴብል» ያድርጉት።